አንድ ብርጭቆ ውሃ፦ ከፑኔ እስከ ኩልዳባድ

ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ አገር ፑኔ ከተማ በሄድኩበት ዓመት ከማልረሳቸው ክፍለ ጊዜዎች አንዱ የጀመረው በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። የህንድን ማኅበረሰብ ታሪክ የሚያስተምሩን ማዳም (ሴት መምህርን እዚያ እንዲህ ነው የምንጠራው) ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የታወቀውን የህንድ የእኩልነት ታጋይ የአምበድካርን ልጅነት ይነግሩን ጀመር። ልጁ ቢነኩ ያረክሳሉ ተብለው «አይነኬ» ከሚባሉት ወገን በመወለዱ ክፍል ውስጥ ከቤቱ ያመጣውን ጆንያ አንጥፎ ለብቻው ይቀመጣል። ቧንቧ መንካት አይችልም፤ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ካልከፈተለት ጥሙን ይዞ ይውላል።

ያ ልጅ አድጎ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1927 ማሃድ ከተማ ላይ ሺዎችን አስከትሎ ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ። ኩሬውን የከተማው ምክር ቤት ቀድሞ ለሁሉም ፈቅዶት ነበር። ቢሆንም ረከሰ ተብሎ በከብት እበትና ሽንት «የማንጻት» ሥርዓት ተፈጸመበት። ማዳም ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ብርጭቆውን አንስተው ጠጡና ወጡ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሰሌዳው ላይ «ማሊክ አምባር» ብለው ጽፈው ወደ እኔ ዞሩ። «የሀገርህ ሰው ነው፤ ታውቀዋለህ?» አላውቀውም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሱን ፍለጋ ነው እንግዲህ ቅዳሜ ማለዳ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዝነው። መንገዳችን ላይ ከአለት የተፈለፈሉ ቤተ መቅደሶች ያሉባትን ኤሎራን አየን። የካይላሳ ቤተ መቅደስ ልክ እንደ ላሊበላ ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ብቻውን ሌላ ማስታወሻ ይወጣዋል። የእኔ ልብ ግን ቀድሞኝ መቃብሩ ያለባት ከተማ፣ ኩልዳባድ ደርሶ ነበር።

የማሊክ አምባር መቃብር ባለ ጉልላት የድንጋይ ሕንፃ ነው። በአጠገቡ ሚስቱ ቢቢ ካሪማ ታርፋለች። ጎብኚ የለም፤ ነፋስና እርግቦች ብቻ። በዚያችው ከተማ፣ አብዛኛውን ህንድ ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ራሱ ባዘዘው መሠረት ጉልላት በሌለው፣ ሰማይ በሚያየው መቃብር ተኝቷል። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ለባርነት የተሸጠው ማሊክ አምባር ግን የዚያን አካባቢ የአህመድናጋርን መንግሥት እንደ እንደራሴ መርቶ፣ ሙጋሎችን ለዓመታት አላስቀምጥ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1610 የቆረቆራት ከተማ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች። ለከተማዋም ከኮረብቶቹ ሥር ውሃ ጠልፎ በመሬት ውስጥ ቦይ አመጣላት። በእጄ ጉልላቱ ያረፈበትን ግድግዳ ነክቼ ብዙ ቆምኩ። የማን ልጅ ነበር? እናቱ ምን ብላ ትጠራው ነበር?

ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ዝም ባይ የነበረው፣ ድንገት ስለ አያቱ አነሳ። በመንደሯ ሻይ ቤት ለእሷ ዓይነት ሰዎች የተለየ ብርጭቆ ውጭ ይቀመጥ ነበር፤ ጠጥታ ስታበቃ ራሷ አጥባ ትመልሰዋለች።

«እናንተ ሀገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?» አለኝ።

የለም ልለው አፌን ከፈትኩ። የእኔ አያት ትዝ አለችኝ። ሸክላ ሠሪዋ ገበያ ውላ ስትመለስ ቤታችን ጎራ ትላለች፤ አያቴ በደግነት ነው የምትቀበላት፣ ቡናም ትቀዳላታለች። ስኒዋ ግን የብቻዋ ነበር፤ ከበር ጀርባ የምትቀመጥ።

ጀበናውን የሠራችው እሷ ነበረች። ይህንኑ ነገርኩት።