አንድ ልጅ፣ አንድ መስመር፦ የትምህርት ቤታችንን መዝገብ ስናጠራ

የሒሳብ መምህር ነኝ። ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ቤታችንን የተማሪና የመምህር መረጃ እንድይዝ ተመድቤያለሁ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፣ በሁለት ፈረቃ እናስተምራለን። ከዚያ በፊት ኤክሴል የምከፍተው ማርክ ለመደመር ብቻ ነበር። ይህ ሥራ ለተሰጣችሁ ባልደረቦቼ የሄድኩበትን ልንገራችሁ። አንዳንዱን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ሁለት ወር ይተርፈኝ ነበር።

ነሐሴ 2016

መጀመሪያ የጠየቅኩት «ስንት ተማሪ አለን?» ብዬ ነው። ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። አንዱ ከምዝገባ መዝገቡ፣ አንዱ ከስም ጥሪ፣ አንዱ ለወረዳ ከተላከው ቅጽ። ማንም አልዋሸም። መዝገቡ ላይ ተመዝግበው ያልመጡ ልጆች አሉ። ስም ጥሪው ላይ ደግሞ መሸኛቸው ሳይመጣ ክፍል የገቡ አሉ። ቅጹ የሚያሳየው የተሞላበትን ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ አይታወቅም።

ቅጹን ታውቁታላችሁ። ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። በክፍል፣ በዕድሜ፣ ደጋሚ፣ ያቋረጠ፣ ልዩ ፍላጎት ያለው። የክፍል ኃላፊው ይቆጥራል፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ወደ ወረዳ ይሄዳል። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እያለ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የስታትስቲክስ ጥራዝ ውስጥ ይገባል። ወደ ላይ የሚሄደው ድምሩ ነው፤ ስሙ እዚሁ ይቀራል። ዞን ላይ አንድ ሰው «ይህ ቁጥር ልክ አይመስልም» ቢል፣ የትኛው ልጅ እንደተሳተ ማግኘት አይቻልም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የትምህርት ቤት ድጎማ የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው። መጽሐፍም እንዲሁ። ያልተቆጠረ ልጅ መጽሐፍ ተጋርቶ ይማራል።

ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተቀመጥንና አንድ ነገር ተስማማን። መቁጠር እናቁም፣ ስም እንጻፍ። ለአንድ ልጅ አንድ መስመር። ድምሩን ኤክሴሉ ይሥራው።

መስከረም 2017

የሪከርድ ክፍል ሠራተኛችንን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ከብዙዎቻችን በፊት የነበሩ ናቸው። መዝገቡን ዘርግተን ማስገባት ስንጀምር በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«የኔ ልጅ፣ ፀሐይን በየትኛው ጸ ልጻፋት?»

መልስ አልነበረኝም። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ለእኛ አንድ ልጅ ናት። ለኮምፒውተሩ ግን አራት ልጅ ናት። በ3ኛ ክፍል መዝገብ በአንዱ፣ በ4ኛ ክፍል በሌላው ከተጻፈች፣ አንዷ ጠፍታ ሌላዋ አዲስ የመጣች ትመስላለች።

መፍትሔው ቀስ ብሎ መጣ። የልጁ ስም ቤተሰቡ እንደጻፈው ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አለ። እዚያ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። የሚለወጡት አምስት ፊደላት እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቅርጽ ስላላቸው ሥራው 35 ቅያሪ ነው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ሲጨምሩበት 37 ይሆናል። አንድ ጊዜ ከተሠራ ግን ለዘለቄታው ነው።

ቀጥሎ እዝባሩ መጣ። ገ/ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገብረ ማርያም። ይህን በቅያሪ ብቻ አልወጣሁትም፤ እየዘረዘርን እንድንጽፍ ተስማማን። ከዚያም የእናት ስም ጨመርን። የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም አንድ የሆነባቸው ሁለት ልጆች በአንድ ክፍል ነበሩን። የለየልን የእናታቸው ስም ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ መለያ ቁጥርም ሰጠን። የገባበት ዓመትና ተራ ቁጥር፣ ሌላ የለውም። ልጁ ቢለቅም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ክፍልና ሴክሽን ቁጥሩ ውስጥ እንዳታስገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ይለወጣል፣ ቁጥሩም ያረጃል።

ጥቅምት

ይህ ወር የቀን ወር ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀኝን ልንገራችሁ።

ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ 30/2/2009 ተብሎ ሲገባ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 የተወለደ ደግሞ 5/13 ሲባል፣ ወር የሚያስቀድም ኮምፒውተር ሜይ 13 ያደርገዋል። እነዚህ እንኳ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። የከፋው በዝምታ የሚያልፈው ነው። በ2010 የተወለደ የ1ኛ ክፍል ልጅ ገባ። ኮምፒውተሩ 2010ን በፈረንጅ ቆጥሮ ከ2024 ሲቀንሰው 14 ዓመት አለኝ። አንደኛ ክፍሎች በሙሉ ጎረምሳ ሆነው ወጡ።

አሁን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ሦስት የተለያየ ዓምድ ነው። ዕድሜውን የማሰላው የትምህርት ዘመኑን ዓመት ይዤ የልደቱን ዓመት በመቀነስ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚፈልግ ካለ በኋላ ይለወጣል። መነሻው ግን የእኛው ቀን ይሁን።

ዕድሜው ራሱ ሌላ ነገር ነው። የ1ኛ ክፍል መዝገባችን ላይ ሁሉም ልጅ 7 ዓመቱ ነበር። ሁሉም! ወላጅ 7 ካላለ ልጁ የሚመለስ ይመስለዋል። የልደት ምዝገባ በአገራችን በተደራጀ መልኩ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ የሚመጣው ጥቂት ነው። እትዬ አጠያየቁን ቀየሩት። «ዕድሜው ስንት ነው?» አይሉም። «ሲወለድ ምን ሰሞን ነበር?» ይላሉ። ጥምቀት፣ ፍልሰታ፣ እህል ሲታጨድ። ሙስሊም እናት «በረመዳን» ካለች ደግሞ ዝናብ ነበር ወይ ብለው ይጨምራሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ዓመቱን ለመለየት ይረዳል። 7 የነበረው መዝገብ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ሆኖ ወጣ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የተጣራ ተሳትፎ የሚባለው ስሌት ዕድሜን ነው የሚያየው። ዕድሜያቸው ለደረጃው ከሚመጥን ልጆች ስንቱ በዚያው ደረጃ እየተማሩ ነው ነው ጥያቄው። አካፋዩ ከሕዝብ ግምት የሚመጣ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። የታችኛውን ቁጥር እኛ አናስተካክለውም። የላይኛው ግን በእጃችን ነው።

ኅዳር

የመምህራን መረጃ። ይህ ፈጥኖ አለቀ። በሁለቱም ፈረቃ የሚያስተምሩ መምህራን ሁለት ጊዜ ተቆጥረው ነበር። በክረምት ተምረው ዲግሪ የያዙ ሦስት ባልደረቦቻችን አሁንም ዲፕሎማ ይባላሉ። ለእያንዳንዱ መምህር የራሱን መስመር አትሜ ሰጠሁ፤ አርሞ ፈርሞ መለሰ። የደረጃ እድገትና ዝውውር በዚህ ላይ ስለሚንጠለጠል ማንም አላዘገየም።

ጥር

ጤና ጣቢያ መረጃ ክፍል የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ሪፖርታቸውን እንዴት እንደሚፈትሹ ጠየቅኩት። በየወሩ ከሪፖርቱ 12 መረጃዎች በዕጣ ያወጣሉ፣ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ፣ ስንቱ እንደገጠመ ይጽፋሉ። ሁሉንም አይፈትሹም። ቤቴ እስክደርስ ስለዚህ ነገር ሳስብ ነበር።

እኛም ጀመርን። በየወሩ 12 ልጆች በዕጣ። ወረቀቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ፤ ሦስቱ ይገጥማሉ? በመጀመሪያው ወር 7 ገጠሙ። በየካቲት 10። ስህተቱ የበዛው በአንድ ዓምድ ነበር፤ የወላጅ ስልክ ቁጥር።

የካቲት

ከሁሉም የሚበልጠውን የተማርኩት በዚህ ወር ነው። እስከዚያ ድረስ መረጃ ለማግኘት እለምን ነበር። «የስም ጥሪውን አምጡልኝ፣ ማርክ ሊስቱን አምጡልኝ።» መምህራኑ ክፉ ሆነው አይደለም። የሰጡት ነገር ተመልሶ ስለማያገኛቸው ነው። ለዓመታት የሞሉት ቅጽ ሄዶ ቀርቷል።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ለእያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ግማሽ ገጽ ማተም ጀመርኩ። በዚህ ሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የቀሩ፣ በወሩ ውስጥ በአንድ ዓይነት ቀን የሚቀሩ። ይኸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት መምህራኑ ራሳቸው እየመጡ «ይህ ልጅ ታሞ ነው፣ አስተካክለው» ይሉኝ ጀመር። ልመናው ቀረ።

የ6ኛ ክፍል አንዲት ልጅ ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ትቀር ነበር። ረቡዕ የገበያ ቀን ነው። የክፍል ኃላፊዋ እናቷን አነጋገረቻቸው። አሁንም አንዳንድ ረቡዕ ትቀራለች። ግን የክፍሏን የረቡዕ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደ ሐሙስ አዛወርንላት፤ ለክፍሉ ምንም አልጎደለበትም።

ስለ ማጋራት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉዳዩ ያሳስበኛል። ሮስተሩን በስልክ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ልማድ ሆኗል። እኛም ጋ ነበር። በዚያ ፎቶ ላይ የልጆች ውጤት፣ የወላጅ ስልክ፣ አንዳንዴ «የሚጥል በሽታ አለባት» የሚል ማስታወሻ ሳይቀር አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በሕግም የሚያስጠይቅ ሆኗል። ሕጉ ባይኖርም የልጅ ገመና ነው። አሁን ጤናና የቤተሰብ ሁኔታ በተለየ ፋይል፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጣል። የሚከፍቱት ርዕሰ መምህሩና እኔ ብቻ ነን። ወላጅ የሚያየው የራሱን ልጅ ነው። ወረዳ የሚደርሰው ወረዳ የጠየቀው ብቻ ነው።

ሰኔ

በዓመቱ መጨረሻ «ያቋረጡ» ተብለው የተመዘገቡ 23 ልጆች ነበሩን። ድሮ ቢሆን 23 ብለን ጽፈን እንልክ ነበር። አሁን ግን ስም አላቸው። ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለው የመረጃ ኃላፊ ከእኔ በፊት የጀመረ ሰው ነው። የልጅ ስም፣ የእናት ስም፣ ክፍል፣ ሦስቱን ብቻ ይዘን አመሳከርን። ያቺ ለፍለጋ የሠራኋት ዓምድ እዚህ ላይ ጠቀመች።

9ኙ እዚያው ተቀምጠው እየተማሩ ነው። ቤተሰብ ቤት ሲቀይር መሸኛ ሳይወስዱ ሄደው ነው። እኛ ጋ ያቋረጡ፣ እነሱ ጋ አዲስ የመጡ ሆነው ሁለት ቦታ ተመዝግበዋል። በዚያው ቀን መሸኛቸውን ጻፍንላቸው።

14 ቀሩ። ዝርዝሩን ለእትዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። የ6ቱን ሰፈር ያውቁታል። የአንዱን አያት ለቅሶ ላይ አግኝተዋቸዋል፤ ልጁ እዚሁ ነው፣ ከብት ይጠብቃል አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።