የኮረሪማ ዋጋና የጫካው ዕጣ

ክትፎውም ሆነ ንጥር ቅቤው ያለ ኮረሪማ ባይጥመንም፣ ስለሚያመርቱት ገበሬዎች ሲነሳ የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። ኮረሪማ የአገራችን የራሷ ተክል ነው፤ በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንችና በአሪ ተራራማ አካባቢዎች፣ ዝናብ በማይለየው ጫካ ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል።

ችግሩም ተስፋውም ያለው እዚሁ ጥላ ላይ ነው። ጥላው ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ብቻ እያበዛ ፍሬ ይነሳል፤ ዛፉ ተቆርጦ ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው ደግሞ ይጠወልጋል። ደህና ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚፈልግ፣ በአካባቢው ቶሎ ገንዘብ የሚያስገኘው ጫትና ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ እያዩ ዛፍን ጠብቆ መቆየት አቅም ይጠይቃል። ጫካ የሚመነጥረውን ገበሬ ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አበባው ከተክሉ ሥር፣ መሬት ጠጋ ብሎ ስለሚወጣ ፍሬው ለጦጣና ለዝንጀሮ፣ ለሌባም ጭምር የተጋለጠ ነው። ገበሬው ይህን ፈርቶ ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቅመዋል። እንዲህ ያለውን ፍሬ ፈልፍለው ሲያዩት ዘሩ የገረጣ፣ መዓዛውም የደከመ ነው፤ በደንብ የበሰለው ግን ዘሩ ቡናማና የሚያብለጨልጭ ሲሆን፣ ገና ሲወቀጥ ሽታው ቤቱን ያውዳል። ማድረቁም ሌላ ፈተና ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት ተራራ መሬት ላይ የተሰጣው ይሻግታል፣ ከምድጃ በላይ የተሰቀለውም የጭስ ሽታ ይይዛል። ለቡና የለመድነው ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ፣ ከዝናብ የሚከልል ላስቲክ ከተጨመረበት፣ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዋጋው ነው። ነጋዴው የበሰለውንና ጥሬውን ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ የሚረከብ ከሆነ፣ ፍሬው እስኪቀላ ሲጠብቅ የከረመው ገበሬ የልፋቱን አያገኝም፤ በሚቀጥለው ዓመትም እሱ ራሱ ቀድሞ ይለቅማል። የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካው ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል፤ ሆኖም ምዝገባው ብቻውን የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ አይሸፍንም። የገበሬ ማኅበራት በመረከቢያው ቦታ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይተው፣ ለቀዩ ከፍ ያለ ዋጋ ቢቆርጡለት፣ ዛፉን ሳይቆርጡ መኖር ለአምራቹ የሚያዋጣ ሥራ ይሆናል።