ነጥቡ 12ኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር፦ የሦስት ወር ልምምዴ

ሐሳቤን አደራጅቼ መጻፍ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። መነሻው አንድ ኢሜይል ነው። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ በአንድ የሚተርክ፣ 14 ዓረፍተ ነገር ያለው ኢሜይል ለአለቃዬ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ "ታዲያ ምን ላድርግልህ?" ብቻ ነበር። ተናደድኩ። ሁሉን አስረድቼ የለ እንዴ! መልሼ ሳነበው ግን ጥያቄዬ ያለው 12ኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ያውም "ከተቻለ" በምትል ቃል ተሸፋፍኖ።

ለካ የጻፍኩት ባሰብኩበት ቅደም ተከተል ነው። ይህን አየሁ፣ ከዚያ ያንን ጠረጠርኩ፣ በመጨረሻ እዚህ ደረስኩ። አንባቢው የሚፈልገው ግን የደረስኩበትን ነው። እንዴት እንደደረስኩ የሚጠይቀኝ ካላመነኝ ብቻ ነው።

ባርባራ ሚንቶ ማኪንዚ በተባለው የአማካሪዎች ድርጅት ስትሠራ ያዳበረችውን የፒራሚድ ዘዴ ያገኘሁት ያኔ ነው። መልሱ ከአናት፣ ምክንያቶቹ ከሥሩ፣ ማስረጃው ከምክንያቶቹ ሥር። ሲሰሙት ቀላል ነው። እኔን ያስቸገረኝ መሃሉ ነው፣ ማለትም ምክንያቶቹን መቧደን።

እያንዳንዱን ሐሳብ በቁራጭ ወረቀት እጽፍና ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ። የመጀመሪያ ቀን 9 ምክንያት ደርድሬ ኮራሁ። ሰው በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ የሚይዘው 7 ገደማ ነገር ነው የሚለው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጆርጅ ሚለር ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣ ነው፤ ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኔልሰን ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ቁጥሩን ወደ 4 አውርዶታል። የእኔን 9 ማን ይሸከመዋል? ደግሞ ጠጋ ብዬ ሳያቸው አንዱ ወረቀት "የሰው እጥረት አለ" ይላል፣ ሌላው "ሥራው በዝቷል" ይላል። አንድ ነገር እኮ ነው፣ ከሁለት ወገን ታይቶ! ስቧድናቸው ሦስት ቀሩ።

ለቡድን ስም መስጠትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። "ምክንያቶች" ብሎ መጻፍ ምንም አለመናገር ነው። "ሥራው የሚዘገየው ፈቃድ ስንጠብቅ ነው" ብዬ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ነው ሐሳብ ይኑረኝ አይኑረኝ የሚታወቀው። ብዙውን ጊዜ ሐሳብ አልነበረኝም።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ግን ችግር በመፍታት ላይ መጣ። ወርኃዊ ሪፖርታችን ሁሌ ይዘገያል፤ እኔም ዝግጅቱን ላፋጥን ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኤክሴል ላይ ፎርሙላ ስጠግን ከረምኩ። ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ ችግሩን ሳይደራረብና ሳይጎድል ልከፋፍለው አልኩ። ጊዜው የሚሄደው ወይ መረጃ በመጠበቅ፣ ወይ በማዘጋጀት፣ ወይ በማጸደቅ ነው፤ አራተኛ መሄጃ የለውም። የአንዱን ወር ቆጠርኩ። ከ9 ቀን ውስጥ 6ቱ መረጃ መጠበቅ፣ 2ቱ ማጸደቅ፣ 1ዱ ማዘጋጀት። ያ ሁሉ ድካም ለዚያች አንድ ቀን ነበር! አሁን መረጃ የሚልኩልንን ክፍሎች ቀደም ብዬ አስታውሳለሁ፤ ፎርሙላዎቹን ረስቻቸዋለሁ።

አበላሽቼም አውቃለሁ። አንዲት ባልደረባዬ በደንብ የደከመችበትን ሐሳብ አቀረበች፤ እኔም "መልሱ ከአናት" ብዬ "ሐሳብሽን አልተቀበልነውም" በሚል ጀምሬ ሦስት ምክንያት ደረደርኩላት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን መጀመሪያ ሥራውን ማንበቤን የሚያሳይ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀድማለሁ። ከተቻለ ጭራሽ አልጽፍም፣ ሄጄ እነግራታለሁ።

አሁንም አልፎ አልፎ የምጣበቅበት ቦታ አለ። ትናንት ማታ 11 ወረቀት ዘርግቼ ከአናት የሚቀመጠውን ዓረፍተ ነገር አጣሁት። አንዱን ሳስቀምጥ ግማሾቹ ወረቀቶች ከሥሩ አልገባ አሉኝ፣ ሌላውን ስሞክር የቀሩት። ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ለካ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሁለት አጫጭር ኢሜይል አድርጌ ላክኋቸው።