ወዝ እና ሙልጭልጭ

ጅማ፣ ሒርማታ መርካቶ አጠገብ፣ ቡና ቆልታ ፈጭታ በምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሰሞን የመቁያ ማሽናችን ሞተር ተቃጠለ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ደንበኛ ግን አይጠብቅም። ጅማ ላይ ሆኖ "ቡና የለም" ማለት ደግሞ ያሳፍራል።

ይህን ማን እንደነገረው እንጃ፣ አንድ ሰው ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"አለቃ! እንዴት አደርክ?"

አለቃ አይደለሁም፤ ሚዛን ላይ የምቆም ሠራተኛ ነኝ። ደስ ግን አለኝ፣ አልዋሽም። ሱቁን አመሰገነ። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እንደኔ ቡና የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ እንዳላየ ነገረኝ። ከዚያ ከረጢቱን ፈታ። የተቆላው ቡና በዘይት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል።

"ወዙን እየው! ጥራት ማለት ይህ ነው።"

30 ኪሎ ገዛን። ባለቤቱን በስልክ ያግባባሁት እኔው ነኝ።

ቡና የሚለቅሙልን እናት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አንድ ፍሬ አነሱና በሁለት ጣታቸው አሹት። አሸተቱት። ጣታቸውን ነጠላቸው ላይ ጠረጉ።

"ይህ ወዝ አይደለም ልጄ። ይህ ያሟልጫል።"

አልሰማኋቸውም። እማማ ቡናና ቅባት ያውቃሉ እኮ። ቡና ቀላ የሚባለውን ምግብ ሲሠሩ የደረቀውን ቡና ከነገለባው በቅቤ ነው የሚጠብሱት። እዚያ ግን ቅቤው ቅቤ መሆኑን ማንም አይደብቅም።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ዓረቢካ ቡና ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ቅባት ነው። ጥሬው ላይ አይታይም፤ ፍሬው ውስጥ ነው ያለው። ሲቆላ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይንጣጣል። ያኔ ከወረደ ላዩ ደረቅ ነው። ወደ 225 ሲጠጋ ሁለተኛ ይንጣጣል፣ ውስጡ ይሰነጣጠቃል፣ ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ትኩስም ሆኖ የሚያብለጨልጨው ለዚህ ነው፤ ነውር የለውም። ለዘብ ብሎ ተቆልቶ የከረመም ግን ቀስ በቀስ ቅባቱን ያወጣል። የወጣውን ቅባት አየር ያገኘዋል። ሲሰነብት የቆየ ዘይት መሽተት ይጀምራል። የኛው መቼ እንደተቆላ አልጠየቅኩም። ሰውዬው አፉን ሳይዘጋ መቼ ልጠይቅ?

በሳምንቱ መፍጫው ታነቀ። ቅባቱ ከዱቄቱ ጋር ተላቁጦ ጥርሶቹ መሃል ጭቃ ሆኗል። ፈትቼ በብሩሽ ስፍቅ ሰውዬው ጋ ደወልኩ። "የኔ ጌታ! ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በአምስት ደቂቃ ልደውልልህ።" አልደወለም። በማግስቱም "የኔ ጌታ" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ዝግ ነበር። መቆጣት እንኳ አልቻልኩም፤ ቁጣዬ የሚይዘው ቦታ አጣ። ሙልጭልጭ ማለት እንዲህ ነው።

የባሰው አልመጣም ነበር። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ሁለት ኪሎ ወስዳ ነበር። ከረጢቱን ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ደንበኞቼ ሲኒውን እያስቀመጡ ሄዱ። 'ወዙን እዪው እህቴ' ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

እኔ ነኝ። ቃል በቃል። የሱን አፍ ተውሼ ነው የሸጥኩላት። አሁንም ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፦ "የኔ እመቤት፣ ምናልባት ውኃው..." እማማ ከሰፌዳቸው ቀና ብለው አዩኝ። ዋጥኩት።

"ቡናው የቆየ ነው። ተሸውጄ ነው የገዛሁት፣ ሳላጣራ ሸጥኩልሽ። ብርሽን እንኪ።"

ቆጥራ ተቀበለችኝ። ቻው እንኳ ሳትል ወጣች።

እማማ ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ። "መፍጫውን አልጨረስክም" አሉኝ።