ውድ ሞኒተር፣ የፈዘዘ ምስል፦ ፓነሉን ከመውቀስ በፊት የሚፈተሸው

ባለ 27 ኢንች 4ኬ (3840 በ2160 ፒክሰል) ሞኒተር ከካርቶኑ ወጥቶ ሲሰካ ጥቁሩ ግራጫ፣ ጽሑፉ ደብዛዛ፣ ቀዩ ደግሞ ዓይን የሚወጋ ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ስክሪን ራሱ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ የምናርምና ለኅትመት የምናዘጋጅ ሰዎች እስካሁን የተለዋወጥነው ልምድ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከግራፊክስ ካርዱ እስከ ሞኒተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይከበር። መጀመሪያ ሲግናሉ፣ ቀጥሎ የሞኒተሩ ሜኑ፣ ከዚያ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ክፍሉ፣ በመጨረሻ ልኬት። ሲግናሉ ተበላሽቶ እየመጣ በሜኑ ውስጥ ኮንትራስት መጨመር ስህተቱን በሌላ ስህተት መሸፈን ነው።

ጥቁሩ ለምን ግራጫ ይሆናል

ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ያሉ ደረጃዎችን ይጠቀማል። የቪዲዮ ዓለም ደግሞ ከ16 እስከ 235 ባለው ይሠራል። በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ ካርዱ ሞኒተሩን እንደ ቴሌቪዥን ሊቆጥረውና ጥቁሩን 16 አድርጎ ሊልክለት ይችላል። ሞኒተሩ 16ን የሚያውቀው ጠቆር ያለ ግራጫ አድርጎ ነው። ነጩም 235 ላይ ስለሚቆም ምስሉ በሙሉ ስስ ነጠላ የተጋረደበት ይመስላል።

ተቃራኒውም ይከሰታል። ካርዱ ሙሉውን (ከ0 እስከ 255) ልኮ ሞኒተሩ ውስኑን (ከ16 እስከ 235) ከጠበቀ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ዘጌ ላይ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ያለ ፍላሽ የተነሳ የግድግዳ ሥዕል ፎቶ ይህን ቶሎ ያጋልጣል፤ ጥላ ውስጥ ያሉት የልብስ እጥፋቶች ድራሻቸው ይጠፋል።

በኤንቪዲያ ካርድ መፍትሔው ያለው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ «ቼንጅ ሪዞሉሽን» ከሚለው ገጽ ታች ነው። «ዩዝ ኤንቪዲያ ከለር ሴቲንግስ»ን መርጣችሁ ፎርማቱን አርጂቢ፣ ዳይናሚክ ሬንጁን ፉል አድርጉ። በኤኤምዲ «ፒክሰል ፎርማት» ውስጥ አርጂቢ 4:4:4 ፉል የሚለው ነው፤ በኢንቴል «ኳንታይዜሽን ሬንጅ» ይባላል። ሞኒተሩ በራሱ ሜኑ «አርጂቢ ሬንጅ» ወይም «ብላክ ሌቭል» የሚል ምርጫ ካለው ከካርዱ ጋር መስማማት አለበት። ለማረጋገጥ በድፍን ጥቁር መደብ ላይ ደረጃቸው 2፣ 4፣ 6 እያለ እስከ 20 የሚደርስ ግራጫ ሳጥኖች ሥሩ። ክፍሉን አጨልማችሁ ስታዩ 4 ወይም 6 የተጻፈበት በጭንቅ መታየት ከጀመረ ሲግናሉ ጤነኛ ነው። ሁሉም ቁልጭ ብለው ከታዩና መደቡ ራሱ ግራጫ ከሆነ፣ ወይም እስከ 16 ምንም ካልታየ፣ ሬንጁ አልተስማማም ማለት ነው።

ፊደሉ የሚበላሽበት ምክንያት

ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። ሉ እና ሊ፣ ቡ እና ቢ የሚለዩት በቀኝ በኩል ያለችው ትንሽ ጭረት መሐል ላይ ወይም ግርጌ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። በ10 ነጥብ የተጻፈ ፊደል ላይ ያቺ ጭረት አንድ ወይም ሁለት ፒክሰል ናት። እርሷ ከደበዘዘች አንባቢ ቃሉን በግምት ነው የሚያነበው።

አንደኛው ምክንያት የቀለም መረጃ መቀነስ ነው። 4:4:4 ሲሆን እያንዳንዱ ፒክሰል የራሱን ቀለም ይዞ ይመጣል፤ 4:2:2 ሲሆን ሁለት ፒክሰሎች፣ 4:2:0 ሲሆን አራት ፒክሰሎች አንድ ቀለም ይጋራሉ። የብርሃን መጠኑ ስለማይቀነስ ፊልም ላይ ብዙም አይታወቅም። በሰማያዊ መደብ ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ግን ጠርዙ ይፈስሳል፤ ፈተናውም ይኸው ነው።

ካርዱ ወደዚህ የሚወርደው ቦታ ሲጠበው ነው። ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ይሸከማል፤ ለምስሉ የሚተርፈው 14.4 ነው። 4ኬ በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ እየታደሰ)፣ በ8 ቢት (በየቀለሙ 256 ደረጃ)፣ በሙሉ ቀለም 14.3 ያህል ስለሚፈልግ ለጥቂት ይገባል። 10 ቢት ከተመረጠ አይገባም፤ ያኔ ካርዱ ቀለሙን ይቀንሳል። መፍትሔው ወደ 8 ቢት መመለስ ወይም በዲስፕሌይፖርት 1.4 መገናኘት ነው፤ እርሱ ለምስል 25.9 ጊጋቢት ያህል አለው። ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ያለው የቆየ ላፕቶፕ ደግሞ በ4ኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም። ብዙ ርካሽ የዩኤስቢ ሲ ማከፋፈያዎችም እዚያው ላይ ይቆማሉ፤ የማውሱ ቀስት እየተንገጫገጨ ከሄደ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ስለ ገመድ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዲጂታል ገመድ ቀለም አያፈዝም፣ አያደምቅም። የደከመ ገመድ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁራል፣ ወይም ነጠብጣብ ብልጭ ብልጭ ይላል። ስለዚህ ለቀለም ብሎ ውድ ገመድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለ4ኬ 60 ኸርዝ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል የሚቃኝ መለያ ያለው፣ ከ2 ሜትር ያልረዘመ ገመድ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ሪዞሉሽኑ ከፓነሉ ተፈጥሯዊ ቁጥር ጋር አለመግጠሙ ነው። በ27 ኢንች ላይ 4ኬ በኢንች 163 ፒክሰል አለው፤ 2560 በ1440 ከሆነ 109፣ 1920 በ1080 ከሆነ 82። ፊደሉ አነሰ ብሎ የ4ኬ ፓነልን ወደ 2560 በ1440 ማውረድ አንዱን ፒክሰል በአንድ ተኩል ላይ መዘርጋት ነው፤ መደብዘዙ አይቀርም። ሪዞሉሽኑ 3840 በ2160 እንዳለ ይቆይ፣ በዊንዶውስ ስኬሉ (የጽሑፍና የምልክቶች መጠን) 150 ፐርሰንት ይሁን።

ከዚያ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ «ሻርፕነስ»ን እዩ። በዝቶ ከሆነ በጥቁር ፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ይሠራል፤ ጥላው እስኪጠፋ ቀንሱት። የኦሌድ ፓነል (እያንዳንዱ ፒክሰል በራሱ የሚያበራበት) ከሆነ የንዑስ ፒክሰሎቹ አቀማመጥ ከተለመደው ስለሚለይ በፊደል ጠርዝ ላይ ስስ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር ሊታይ ይችላል። ክሊር ታይፕን (የዊንዶውስን የፊደል ማለስለሻ) እንደገና ማስተካከል ያለዝበዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

የተጋነነው ቀለም

የጥበቡ ቀይ እሳት መስሎ፣ የደንገሉ አረንጓዴ ፕላስቲክ መስሎ ከታየ ሞኒተሩ ሰፊ የቀለም ክልል አለው ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዲሲአይ ፒ3 የሚባለውን። አብዛኛው ፎቶ የተዘጋጀው ግን ከእርሱ ለሚጠበው፣ ለተለመደው የቀለም ክልል ለኤስአርጂቢ ነው። የቀለም አያያዝ የማያውቅ ፕሮግራም «255 ቀይ» ሲል ሞኒተሩ ያለውን እጅግ ደማቅ ቀይ ያወጣል። አጭሩ መንገድ በሜኑ ውስጥ ኤስአርጂቢ የሚለውን መምረጥ ነው። በብዙ ሞኒተሮች ላይ ይህ ምርጫ የብርሃኑን መጠን ይቆልፋል፤ ከመግዛት በፊት ይህን መፈተሽ ይገባል፣ ምክንያቱም የተቆለፈው ብርሃን ለክፍሉ ካልሆነ ምርጫው ከንቱ ነው።

ኤችዲአርን (ደማቁንና ጨለማውን ይበልጥ አራርቆ የሚያሳየውን አሠራር) ለዕለት ሥራ ዝጉት። «ዲስፕሌይ ኤችዲአር 400» የሚለው ማኅተም 400 ኒት (ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ከፍተኛ ብርሃን ይጠይቃል እንጂ የጀርባ መብራቱ በየቦታው ተለይቶ እንዲጠፋ አያስገድድም። ስለዚህ ያ ማኅተም ያለው ሞኒተር ኤችዲአር ሲበራለት ጥቁሩ አብሮ ሊነጣ ይችላል።

ክፍሉና ብርሃኑ

«ሞኒተሩ ላይ አምሮ የታየው ኅትመቱ ላይ ጨለመ» የሚለው ቅሬታ ሥሩ እዚህ ነው። የብዙ ሞኒተሮች ሙሉ ብርሃን ከ250 እስከ 400 ኒት ነው። ለኅትመት የሚታረም ፎቶ የሚፈልገው 120 ኒት አካባቢ ነው። በ300 ኒት የታረመ ፎቶ ሳይታወቅ ጨልሞ ይታረማል። መለኪያ የሌለው ሰው ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይያዝና የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀራረብ ብርሃኑን ይቀንስ።

ከተማችን በጣና ደቡባዊ ዳር ስለሆነች ወደ ሐይቁ የሚያዩ መስኮቶች ወደ ሰሜን ያያሉ። በአብዛኛው ዓመት ቀጥታ ፀሐይ ስለማይገባባቸው ለሥራ ክፍል ጥሩ ናቸው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ የውኃው ነጸብራቅ ደግሞ በማንኛውም ወር አለ። ሞኒተሩ መስኮቱን ፊት ለፊት አይየው፣ ጀርባውንም አይስጠው፤ መስኮቱ በጎን ይሁን። ስታቢላይዘር መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ መዋዠቅ ይጠብቃል፤ የምስል ጥራት ግን አይጨምርም።

ልኬት

ከለሪሜትር (ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ ቀለሙን የሚለካ መሣሪያ) ተውሳችሁም ቢሆን አንድ ጊዜ ለኩ። ሞኒተሩ 30 ደቂቃ በርቶ ይሙቅ። ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ ሞድ፣ የሌሊት ብርሃን ማጣሪያ ይዘጉ። ብርሃኑን ወደ 120 ኒት አውርዱ፣ ጋማውን (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ደረጃዎች የሚደምቁበትን መጠን) 2.2 ላይ አድርጉ። ነጩን ወደ 6500 ኬልቪን ስታመጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን በመቀነስ ብቻ ሥሩ፤ መጨመር የደማቁን ክፍል ዝርዝር ያጠፋል። ከዚያ ዲስፕሌይካል በሚባለው ፕሮግራም ፕሮፋይል (ለዚያ ሞኒተር ብቻ የሚሆን የቀለም ማስተካከያ ፋይል) ይሠራ። አማካይ ዴልታ ኢ (የሚታየው ቀለም ከትክክለኛው የሚርቅበት መጠን) ከ2 በታች ከወጣ ለፎቶ ሥራ በቂ ነው። የሌላ ሰው ሞኒተር ፕሮፋይል ገልብጦ መጫን አይረባም፤ አንድ ዓይነት ሞዴል እንኳ ከአንዱ አንዱ ይለያል።

በሴቲንግ የማይስተካከለው

የተለመደው አይፒኤስ የሚባለው የፓነል ዓይነት ንፅፅሩ (የነጩና የጥቁሩ ብርሃን ልዩነት) 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ቢመስል ተፈጥሮው ነው። ማዕዘኑ ላይ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ይህም የአይፒኤስ ባሕርይ ነው። ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ ግን የጀርባ መብራት መፍሰስ ነው፤ ከበዛ ለመመለስ ምክንያት ይሆናል። በስልክ አንስታችሁ አትፍረዱ፤ ካሜራው ጨለማውን ሊያበራ ሲል አጋንኖ ያወጣዋል። ሌላው ዓይነት፣ ቪኤ ፓነል፣ 3000 ለ1 ስለሚደርስ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ በአንፃሩ ጨለማ ምስል ሲንቀሳቀስ ይጎተታል፣ ከጎን ሲታይ ጥላው ይለወጣል።

ገና ላልገዛችሁ፣ ሱቅ ስትሄዱ ፍላሽ ላይ አምስት ፋይሎች ያዙ። ድፍን ጥቁር ለመብራት መፍሰስ። ድፍን ነጭ ለሞተ ፒክሰልና ጥግ ላይ ወደ ቢጫ ለሚሄድ ነጭ። መካከለኛ ግራጫ ለወጥነት። ሽግግሩ በመስመር መቆራረጡን ለማየት ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ በፒኤንጂ የተቀመጠ ሽግግር፤ የጣና ንጋት ሰማይ ፎቶ ለዚህ አይሆንም፣ በጄፔግ ከተጨመቀ መስመሩ ከፋይሉ ይሁን ከፓነሉ አይለይምና። አምስተኛው በሰማያዊ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ የ10 ነጥብ አማርኛ ነው። ባለሱቁን መብራቱን ለአምስት ደቂቃ እንዲያጠፋላችሁ ለምኑት፤ ድፍን ጥቁሩ ያለዚያ ምንም አይናገርም።