ከጳጉሜ 1 እንጀምር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዘመን መለወጫ ዋዜማ በሰላም አደረሳችሁ! ሰሜን ሸዋ ላይ መስከረም የሚገባው ክረምቱ ጠቅልሎ ሳይወጣ ነው። ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ገና ጭጋግ ለብሳለች፣ የበሬሳ ወንዝም እንደሞላ ነው፤ አደይ ግን ቀኗን አትስትም። መልእክቴን በነሐሴ መጨረሻ የላክሁት በምክንያት ነው። በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ ወይም በምታስተምሩበት ክፍል ኦቲዝም (አብሮ የሚወለድ የአንጎል እድገት ልዩነት) ያለበት ልጅ ካለ፣ ቅቤ ከማንጠርና በግ ከመግዛት በፊት የሚቀድም የበዓል ዝግጅት አለ።

መስከረም ለእነዚህ ልጆች በዓልንም ትምህርት ቤትንም አስከትሎ ይመጣል። ክረምቱን ሙሉ የለመዱት ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለወጣል፦ ዕቃ ቦታውን ይቀይራል፣ ግቢው ውስጥ በግ ይጮኻል፣ ሽታው ሌላ ነው፣ የማያውቁት ሰው አቅፎ ይስማቸዋል። ያ ሳያልፍ ዩኒፎርምና ደወል ይተካል። ልጁ የሚረበሸው በዓል ስለማይወድ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በ4 ዓመት አንዴ 6። ለዚህ ሥራ ልክ የተሰፋች ወር ናት። ከካርቶን መዳፍ የሚያህሉ 5 ካርዶች ቁረጡ፣ ለመስከረም 1 አንድ ጨምሩ። በእያንዳንዱ ላይ በዚያ ቀን የሚለወጠውን አንድ ነገር ብቻ ሣሉ፦ ቤት ማጽዳት፣ የበጉ መምጣት፣ ዳቦ መጋገር፣ ችቦ። ልጁ በሚደርስበት ቁመት ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሏቸው። ማታ ማታ ያለቀውን ቀን ራሱ ይንቀልና ሳጥን ውስጥ ይክተተው፤ እናንተ «አልቋል» በሉ፣ ሌላ ቃል አትጨምሩ። በ7 ዓመቱም ሥዕል የማያነብ ልጅ አለ፤ ለእሱ ዕቃውን ራሱን ስቀሉለት፦ ለችቦ የጭራሮ ቁራጭ፣ ለዳቦ የኮባ ቅጠል።

ይህ ነገር የሚበላሽባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አንዱ፣ ወላጅ ደስ ብሎት በአንድ ካርድ ላይ አምስት ነገር ሲሥል ነው፤ ልጁ የትኛውን እንደሚጠብቅ ግራ ይገባዋል። የከፋው ግን እቅዱ ተቀይሮ ካርዱ ሳይቀየር ሲቀር ነው። «አክስት ትመጣለች» የሚል ካርድ ተሰቅሎ አክስት ከቀረች ልጁ ከዚያ በኋላ ካርዱን አያምነውም። ስለዚህ ቀይ ቀለም የተቀባ «ለውጥ» የሚባል ካርድ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የምታስተዋውቁትም በሚወደው ለውጥ ይሁን፣ ለምሳሌ በእግር ፋንታ ባጃጅ። መጥፎ ለውጥ ብቻ የሚያበስር ካርድ ራሱ ማስፈራሪያ ይሆናል።

የበዓል ልብስም ልምምድ ይፈልጋል። አዲስ የሐበሻ ልብስ አንገቱ ላይ ያለው ጥበብ ይኮሰኩሳል፤ ለአንዳንድ ልጅ ያ ስሜት ሕመም ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፣ ከሥር ያረጀ ለስላሳ ከናቴራ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ አልብሱት፣ ጳጉሜ 1 ላይ ለ5 ደቂቃ ብቻ፣ በማግሥቱ ለ10 ይልበሰው። ለትምህርት ቤት ሹራብም ይኸው ይሠራል፤ አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ የፋብሪካ ጨርቅ ደግሞ ክሩን እየፈታችሁ አውጧት። በመቀስ ብትቆርጡት የሚቀረው ጠርዝ የበለጠ ይወጋል።

ችቦውን በቀን፣ ሳይለኮስ ይየው፣ ይንካው። ማታ 20 እርምጃ ያህል ርቆ ወይም በመስኮት ቢመለከት ይበቃዋል። ጆሮ ውስጥ ጥጥ አትክተቱ፤ ድምፁን በቅጡ አይከለክልም፣ ገብቶም ይቀራል። ጆሮን ጥብቅ አድርጎ የሚሸፍን የሹራብ ኮፍያና ከላዩ ጋቢ ለዚህ አገር ብርድም ለርችቱ ጩኸትም ይሆናል።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፦ የለመደውን በራሱ ሰሃን ስጡት፣ ዶሮ ወጡን አታስገድዱት። ጉርሻም ቢሆን ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ይቀመጥለት እንጂ በድንገት ወደ አፉ አይሂድ።

ቋንቋችን ራሱ ለእነዚህ ልጆች ወጥመድ አለው። እናት በየቀኑ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ትላለች። ልጁ ሲጠማው ያንኑ መልሶ «ውሃ ትፈልጋለህ» ይላል፤ የሰማው ዘመድ የተጠየቀ መስሎት «አልፈልግም» ብሎ ያልፋል። ልጁ ግን ውሃ ለምኖ ነበር። ጥያቄውን ትታችሁ በልጁ አፍ ተናገሩ፦ ብርጭቆውን እያሳያችሁ «ውሃ እፈልጋለሁ» በሉ፣ ዝም ብላችሁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፣ ቃሉን ሲል ወይም እጁን ሲዘረጋ ወዲያው ስጡት። ቆጠራው አይዘለል፤ የሰማውን ለማሰላሰል ጊዜ ይፈልጋል፣ በመሃል ደግማችሁ ከጠየቃችሁት ሐሳቡ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አያቱን «እርስዎ» በማለት ፋንታ «አንቺ» ያለ ልጅም ባለጌ አይደለም፤ እንደ ሰዉ የሚለዋወጥ ቃል ስለከበደው ነው። ትእዛዝም እንዲሁ ግልጽ ይሁን። «እጅህን ሰብስብ» ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም፤ «እጅህን ኪስህ ክተት» ይነግረዋል።

ሌላም የሚያሳስተን ነገር አለ። በእኛ አገር ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሲሰብር «ጨዋ» ይባላል። ዓይን መሸሹ የኦቲዝም ምልክት ሲሆንም ጨዋነት ስለሚመስል ብዙ ልጆች፣ በተለይም ዝምተኛ ሴቶች ልጆች፣ ሳይታወቅላቸው አንደኛ ክፍል ይገባሉ። ከዓይኗ ይልቅ ይህን አስተውሉ፦ ስሟ ሲጠራ ዞር ትላለች ወይ? ደስ ያላትን ነገር በጣቷ ጠቁማ «እዩት» ትላለች ወይ? ከሌላ ልጅ ጋር ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች ወይስ ድስቷን ብቻ ትደረድራለች? መልሱ ካሳሰባችሁ መጀመሪያ ጆሮዋን አስመርምሩ፣ ቀጥሎ ሆስፒታል ያለውን የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ። ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው፤ ከእናት አስተዳደግ ወይም ከክትባት አይመጣም፣ እርግማንም አይደለም።

ለትምህርት ቤቱ የሚሻለው ሳይከፈት ማየት ነው። በምዝገባው ሰሞን ግቢው ባዶ እያለ ሦስት ጊዜ ውሰዱት። በመጀመሪያው ቀን መንገዱንና በሩን ብቻ፣ በሁለተኛው ክፍሉን፣ በሦስተኛው መጸዳጃ ቤቱን ይይ፤ ደወሉ የተንጠለጠለ ብረት ከሆነ ዘበኛውን ለምናችሁ ልጁ ራሱ አንዴ ይምታው። ራሱ የመታው ድምፅ ያን ያህል አያስደነግጠውም። ለመምህሯ የሐኪም ማስረጃ ክምር አትስጡ፤ ከ50 ልጅ ጋር የምትውል ሴት የምታነበው ግማሽ ገጽ ነው። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሽንቱ ሲመጣ በምን እንደሚያሳይ፣ ጆሮውን ሲይዝ ምን ይደረግ እንደሆነ ጻፉላት። ከፊት፣ በግድግዳው በኩል፣ ከበሩ ርቆ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተምሮ በሰላም ወደ ቤት ይመለስ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጨመር። ሲጨንቀው ለመውጣት የሚያሳየው ካርድ ይኑረው፤ የሚወጣበትም ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ።

ከሁሉ የሚከብደው የእረፍት ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ ሕግ አለ፤ ሜዳ ላይ 15 ደቂቃ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው የለም፣ የሚያሾፉበትም ያኔ ነው። ሥራ ይሰጠው፦ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ደብተር ተሸክሞ ቢሮ ማድረስ፣ ከአንድ ደግ ጓደኛ ጋር።

ፊደሉን አይታችሁ አትታለሉ። ረድፉና ሥርዓቱ ስለሚማርካቸው 33ቱን እስከ ሳብዕ፣ 231ዱንም ሳይሳሳቱ የሚያነበንቡ አሉ። ያነበቡት ግን ላይገባቸው ይችላል። አንድ ዓረፍተ ነገር አስነብባችሁ «ማን ነው? የት ነው ያለው?» በሉ፣ መልሱን ከሁለት ሥዕል ይምረጥ። ይህ ሳይታይ ከቀረ ልጁ «ጎበዝ አንባቢ» እየተባለ ይቆይና ትምህርቱ ሲጠነክር፣ በየትምህርቱ መምህር ሲለዋወጥበት፣ በድንገት ወደቀ ይባላል።

ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሁለት ልመና አለኝ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ ክኒኑን በምንም ምክንያት በድንገት አታቋርጡ፣ ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ልጁንም አስራችሁ ወይም በጉልበት ይዛችሁ አታስጠምቁት፤ ጸበሉን በእጁ አስነኩት፣ ለቀሪው ፈቃዱን ጠብቁ። በሰው ብዛት መሃል ቢጠፋባችሁ ደግሞ ቤት ለቤት ከመዞራችሁ በፊት ወደ ውሃው ሩጡ። ብዙዎቹ ውሃ ይስባቸዋል፣ በዚህ ወቅት ወንዙም ሙሉ ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ከልብሱ ውስጠኛ ክፍል ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለኦቲዝም ተብለው ከተቋቋሙት ማዕከላት የታወቁት እዚያ ናቸው። ታዋቂው ጆይ ማዕከል ራሱ የተጀመረው በአንዲት እናት፣ በወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው፤ ቀሪው ቀን ሁሉ የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ ከልጁ ጋር በመጫወትና በመልበስ በመብላቱ መሃል ነው።

ለእንግዶች የምለው ይህን ነው። ስትገቡ ልጁን አትሳሙት፤ እጃችሁን ዘርጉና ጠብቁ፣ ካልመጣም አትቀየሙ። ጓዳው ጥግ ላይ ምንጣፍና ጋቢ ያለበት ቦታው ከሆነ ማንም አይከተለው። ግርግሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ከጮኸ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አብሮት ይቅር፣ ሌላው ይውጣ፣ ስለት ያለውና ትኩሱ ነገር ይነሳ፣ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል አይኑር። ያን ሰዓት ቃል ሁሉ ተጨማሪ ጩኸት ነው። «አንዴ ብትገርፉት» የሚል ዘመድ ካለ በትሕትና ወደ ቡናው መልሱት፤ እናቲቱ ያንን ምክር ዓመቱን ሙሉ ስትሰማው ከርማለች።

የመስከረም 1 ጠዋት አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶች ሲመጡ ከበር ውጭ ቆመው ቀስ ብለው እንዲዘፍኑ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዳቦውንና ሳንቲሙን ልጁ በእጁ ይያዝ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ራሱ ይስጣቸው። ካርዱ ላይም ይህንኑ ሣሉለት።

መልካም አዲስ ዓመት!