አጭር ስለሆነ ነው፣ ቲቸር

በክፍል ምልከታ ቅጹ ላይ «ተማሪው በትክክል ከመለሰ በኋላ ጊዜ ባክኗል» የሚል አንድ መስመር ሰፍሯል። ቅጹ የአንዲት የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ትምህርት ቤቱ ምዕራብ ጎጃም ነው፤ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ያን መስመር ሲያነብ ይቆጨዋል። በዚያ ክፍለ ጊዜ ከተሠራው ሁሉ ትልቁ ሥራ የተሠራው «ባከነ» በተባለው ጊዜ ነዋ።

ወሩ ኅዳር ነበር፣ የጤፍ አጨዳ። በኅዳር ክፍሉ አይሞላም። ስም ጥሪው ላይ 58 ተማሪ ቢኖርም ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ሲገባ ወንበሩ ላይ ሳሳ ይላል። ግማሹ ማሳ ላይ ነው፣ ግማሹ ገና መንገድ ላይ። የማሟሟቂያ ጥያቄ፣ ማለትም ዋናው ትምህርት ሳይጀመር ሰሌዳ ላይ የሚሰጠው አጭር ጥያቄ፣ ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። የደረሰው ልጅ ቁጭ ብሎ የዘገየውን አይጠብቅም፤ የዘገየውም ሲገባ ዋናው ትምህርት አላመለጠውም። ትናንት የቀረው ደግሞ የትናንቱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ያገኘዋል።

መምህርቷ የሰሌዳውን ግራ ሲሶ በጠመኔ መስመር ለይታ ለማሟሟቂያ ትተዋለች። ተማሪው መልሱን የሚጽፈው በደብተሩ ከኋላ ጀምሮ ነው፤ ከክፍል ሥራው ጋር እንዳይደባለቅ። በላጲስ ማጥፋት አይፈቀድም። የተሳሳተ መልስ አንድ መስመር ይሰመርበትና አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል፤ የጠፋ ስህተት ለመምህሩ ምንም አይነግረውም።

የዚያን ቀን ጥያቄዎቹ አምስት ነበሩ። የመጀመሪያው 402 ሲቀነስ 178 ነው። መልሱ 224 ነው፤ ይህን ጥያቄ ጥሩ የሚያደርጉት ግን የተሳሳቱት መልሶች ናቸው። 376 ብሎ የጻፈ ልጅ በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰ ነው የሄደው፤ ላይና ታች ለእሱ ልዩነት የላቸውም። 234 ያለው መበደር ያውቃል፤ የአሥር ቤቷ ዜሮ ከመቶ ቤት ተበድራ አሥር ከሆነች በኋላ ለአንድ ቤት አንድ ማበደሯን ነው የረሳው። ሁለቱ ልጆች የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ለየቅል ነው፤ መምህሩም ደብተራቸውን ገና ሲያይ ያውቀዋል። በ468 ሲቀነስ 123 ግን ሦስቱም ልጆች 345 ይላሉ፣ መምህሩም ሁሉም የገባቸው ይመስለዋል።

ሁለተኛው የመሬት ነበር፦ አንድ ገበሬ ከማሳው እኩሌታውን ጤፍ፣ ሲሶውን በቆሎ ዘራበት፤ የተዘራው ስንት ስንተኛ ነው? እኩልና ሲሶ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ቃል ነው፤ መሬት በእኩል ሲታረስ፣ በሲሶ ሲታረስ ሰምተው አድገዋል። ስለዚህ ላይ ከላይ፣ ታች ከታች ደምሮ 2/5 ያለውን ልጅ «ጤፉ ብቻውን ግማሽ ነው ብለሃል፤ በቆሎ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ማለት ይበቃል። 5/6 ለመድረስ የጋራ ታህቱን ይፈልግ፤ የመጀመሪያው መልስ ትክክል እንዳልሆነ ግን ራሱ አይቶታል።

አራተኛው የሰዓት ነው፦ 2:45 የጀመረ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት ያልቃል? 2:85 የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። አምስተኛው የቀን ነው፦ ከመስቀል እስከ ጥቅምት 5 ስንት ቀን ይሆናል? መስቀል መስከረም 17 ነው፣ ወሩ 30 ነው፣ 13ና 5 ተደምሮ 18። ከ17 ላይ 5 ቀንሶ 12 የሚል ልጅ የሚቀንሰው ቁጥር እንጂ የሚቆጥረው ቀን አይታየውም።

ሰዓቱን የበላው ግን ሦስተኛው ነው። 0.4 እና 0.35፣ የትኛው ይበልጣል?

ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። መምህርቷ ደብተር ከፍ አድርጉ አለችና በረድፎቹ መካከል አለፈች። ከግማሽ የሚበልጠው 0.35 ብሏል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቀቻት።

«እንዴት አሰብሽው?»

«35 ከ4 ይበልጣላ፣ ቲቸር።»

«እስኪ ሁለቱንም አንብቢልኝ።»

«ዜሮ ነጥብ ሰላሳ አምስት። ዜሮ ነጥብ አራት።»

እዚህ ላይ ስህተቱ ከልጅቷ አፍ ወጣ እንጂ ከእሷ አልተጀመረም። አብዛኞቻችን ክፍል ውስጥ የምናነበው እንዲሁ ነው። «ሰላሳ አምስት» ስንል ጆሮ ሙሉ ቁጥር ይሰማል፣ ነጥቡ ይረሳል፣ ልጁም በሙሉ ቁጥር ደንብ ያወዳድራል። «ዜሮ ነጥብ ሦስት አምስት» ተብሎ ቢነበብ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ሦስት ከአራት ጋር ይገናኛል። «ሦስት አሥረኛ ከአምስት መቶኛ» ቢባል ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሲነበብ ይረዝማል እንጂ እያንዳንዱ አሃዝ ቤቱን ተናግሮ ያልፋል።

መምህርቷ ቁጥሮቹን እንደገና በዚህ አነባበብ አስነበበቻት። ከዚያ 0.4 ብሎ ወደጻፈ አንድ ልጅ ዞረች። እንዲህ ሲሆን የተለመደው «አጨብጭቡለት!» ማለትና ወደ አራተኛው ማለፍ ነው። እሷ ግን እሱንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው።

«አንተስ? 0.4 ለምን በለጠ?»

«አጭር ስለሆነ ነው፣ ቲቸር።»

«አጭር ሲሆን ይበልጣል?»

«አዎ፤ ረጅሙ ያንሳል። ባለፈው ሳምንት የታችኛው ቁጥር ሲተልቅ ክፍልፋዩ ያንሳል ብለውን የለ እንዴ?»

ልጁ ያለው ሐሰት የለበትም። 1/35 በእርግጥ ከ1/4 ያንሳል፤ ባለፈው ሳምንት የተማረውም ይህንኑ ነው። ያን እውነት አምጥቶ ያለቦታው ነው የተከለው። የልጅቷ ስህተት በ0.35 ይታያል፤ የእሱ ግን ትክክለኛ መልስ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል። 0.4ን ከ0.45 ጋር ካላቆሙት በቀር በፈተና እንኳን አይገኝም። ሁለት ተማሪ፣ አንዱ ልክ አንዷ ስህተት፣ ሁለቱም አሥረኛና መቶኛ አልገባቸውም።

መምህርቷ ጠመኔውን አስቀምጣ የሰሌዳውን የእንጨት ሜትር አነሳች። ሜትሩ ለአሥር ሲከፈል እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ክፍሉ አብሮ ቆጠረ። ልጅቷ ሦስት አሥረኛ ሄዳ ከዚያ አምስት መቶኛ ጨምራ ጣቷን 35 ላይ አሳረፈች፤ ልጁ አራት አሥረኛ ሄዶ 40 ላይ። ድሮ ይህን በብርና በሳንቲም ማስረዳት ይቀል ነበር፤ ዛሬ ሳንቲም የሚገዛው ነገር ስለሌለ ልጆቹ አያውቁትም። «መጨረሻ ላይ ዜሮ ጨምሩና አወዳድሩ» የሚለው አቋራጭም አለ። ይሠራል፣ ግን ዜሮዋ ለምን ዋጋ እንደማትቀይር ሳይታይ ከተሰጠ በሁለተኛው ቀን 0.4ን 0.04 የሚያደርግ ተማሪ ይመጣል፤ ዜሮ ጨምር ተብሏል፣ ጨምሯል።

ከክፍል ሲወጡ ቢሮ ተቀመጡ።

«መምህርት፣ ዕቅድዎ ላይ መግቢያ 5 ደቂቃ ይላል። 16 ደቂቃ ፈጀ» አሉ ሱፐርቫይዘሩ።

«አዎ፣ ፈጅቷል።»

«ልጁ 0.4 ብሎ መለሰ አይደል? ለምን እዚያው ላይ አላለፉም?»

«መልሱ ልክ ነው፤ ያሰበበት መንገድ ግን ልክ አይደለም። ነገ 0.4ን ከ0.45 ጋር ብሰጠው 0.4 ይበልጣል ነው የሚለኝ።»

«እሱ የነገ ጉዳይ ነው። ቅጹ የሚጠይቀኝ የዛሬውን ነው።»

ስለ ሰዓቱ ሱፐርቫይዘሩ እውነት አላቸው። ከ40 ደቂቃ 16ቱ ሲሄድ አዲሱ ትምህርት፣ የአሥርዮሽ ብዜት፣ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሰዓቱና የቀኑ ጥያቄ ሳይታረሙ ተሰረዙ፤ ያልታረመ ማሟሟቂያ ደግሞ ካልተሰጠ ይከፋል፣ ልጁ 2:85ን ትክክል ነው ብሎ ይዞት ይሄዳልና። አምስት ጥያቄ ለ5 ደቂቃ መብዛቱን መምህርቷም አልካደችም። ቅር የሚያሰኘው ቅጹ ውስጥ ለጥያቄ ብዛት ቦታ ጠፍቶ፣ ጥፋቱ ሁሉ «እንዴት አሰብከው?» በሚለው ላይ መውደቁ ነው። አንድ መምህር ይህን አንብቦ የሚማረው ትክክለኛ መልስ ሲሰማ ቶሎ እንዲያልፍ ነው።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ጥያቄዎቹ ሦስት ሆኑ። አንዱ የትናንት፣ አንዱ ከሳምንት በፊት የታለፈ፣ አንዱ ከወር በላይ የቆየ ወይም የ5ኛ ክፍል። አጨዳ ላይ ለቀረው ልጅ ሦስተኛው ዋና ነው፤ የትናንቱን ባይማርም የሚሠራው አንድ ጥያቄ አያጣምና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አይሸማቀቅም። የክፍሉ አለቃ ሰልፍ ሳይጀመር ይጽፋቸዋል። ሦስት ደቂቃ ሥራ፣ አንድ ደቂቃ ደብተር ማንሳት፣ አራት ደቂቃ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ላይ፤ «እንዴት» የሚጠየቀው እዚያ ነው፣ ከተሳሳተ አንድ፣ ልክ ከሆነ አንድ። የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ያልፋል። ዕቅዱ ላይም መግቢያው 8 ደቂቃ ተብሎ ተጻፈ፣ ማንም እንዳይከራከር።

ጎን ለጎን ደብተር ተለዋውጦ መተራረም ቀረ፤ ሁለቱም 376 ካሉ ሁለቱም ይራይታሉ። በየቀኑ 58 ደብተር መሰብሰብ አይቻልም፤ አንድ ረድፍ ብቻ ይሰበሰብና በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም ይዳረሳል። መምህርቷም የተገኘውን ስህተት፣ ያገኘችበትን ቀንና መልሳ የምትጠይቅበትን ቀን የምትይዝበት ትንሽ ደብተር አላት። የ0.4 እና የ0.35 ጉዳይ እዚያ ላይ ሦስት ቀን ተመድቦለት ነበር።

በማግስቱ 0.4 እና 0.45 ተሰጠ። ልጅቷ አሥረኛዎቹ እኩል መሆናቸውን አይታ 0.45 አለች። ልጁ ሳያመነታ 0.4 ብሎ ጻፈ። ሱፐርቫይዘሩ በዚያን ሰዓት በጉድኝቱ፣ ማለትም በአጎራባች ትምህርት ቤቶቹ ስብስብ፣ ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን 0.4 እና 0.40 ነበር። ልጁ ብዙ ቆየ። አጭሩ ይበልጣል ብሎ ጻፈ፣ መስመር አሰመረበት፣ ከወንበሩ ተነስቶ ሜትሩን ከሰሌዳው ሥር አነሳና አራት አሥረኛ ቆጠረ። ጣቱን ሳያነሳ አርባ መቶኛ ቆጠረ። ጣቱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ቲቸር፣ ያው አንድ ቦታ ናቸው» አለ።